ካብ ያለ ጭቃ እንዴት ይቆማል?

በክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚነዳ ሰው ዐይኑ ከፊቱ ካለው ሲኖትራክ አይነቀልም። ዝናቡ አለ፣ ጉሙ አለ፣ ድንገት አስፋልት ላይ የሚወጣው የበግ መንጋ አለ። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን፣ ጫጫን ሲያልፍ ግራና ቀኝ ስለተካበው ድንጋይ ማን ይጨነቃል? «የድንጋይ አጥር ነው» ተብሎ ይታለፋል።

እኔም ስንት ዓመት ሳልፈው ኖሬአለሁ። ልብ ያልኩት ባለፈው ክረምት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚገባው መንገድ ላይ ነው። አንድ ግቢ ዳር አፈር እንዲደግፍ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ገና አዲስ የሆነ ግንብ ከወገቡ ተገምሶ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ከግንቡ ቀጥሎ፣ በዚያው ተዳፋት ላይ፣ ጭቃ እንኳ ያልነካው አሮጌ ካብ ምንም ሳይሆን ቆሟል። ዝናቡ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ቁልቁለቱም ያው ነው። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ የጠጣው ወድቆ ምንም ያልጠጣው ለምን ቆመ?

ብዙ ሰው ካብን ሲሚንቶ መግዣ ያጣ ሰው ግንብ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ በዚህ አልስማማም። ካብ የራሱ አሠራር፣ የራሱ ስሌት ያለው ሌላ ነገር ነው። የሚቆምበት ምክንያትም ከግንቡ ይለያል።

ነገሩን ከእንቧይ ካብ ብንጀምረው ይቀላል። ሲካብ አምሮ ወዲያው የሚናድ ነገር ሲያጋጥመን «የእንቧይ ካብ» እንላለን። እንቧይ ክብ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ቀላል ነው። አንዱ ሌላውን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን ሸርተት ይላል። የሰሜን ሸዋ ድንጋይ በሦስቱም ነገር ተቃራኒው ነው። ማዕዘናም ነው፣ ሻካራ ነው፣ ከባድ ነው።

ክብደቱን እናስላ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ ከሥር 70 ሳንቲም፣ ከላይ 40 ሳንቲም የሆነ ካብ እንውሰድ። በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ቀንሰን ብናሰላው እንኳ፣ የካቡ እያንዳንዱ ሜትር 13 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ወደ ታች ይጫናል። ሻካራ ድንጋይ በሻካራ ድንጋይ ላይ ተጭኖ ሳለ አንዱን ወደ ጎን መግፋት ቀላል አይደለም። ከላይ ያለው ጭነት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ትምህርት ቤት «ሰበቃ» ያሉን እሱ ነው። በካብ ውስጥ የጭቃውንና የሲሚንቶውን ሥራ የሚሠራው ይኸው ክብደትና ሰበቃ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። የታችኛው ረድፍ ብዙ ስለተጫነበት ንቅንቅ አይልም። የላይኛው ረድፍ ግን የሚጫነው የለም። በግ ቢዘልበት፣ ልጅ ቢቀመጥበት ይነሳል። ስለዚህ ካብ የሚያውቅ ሰው ትልልቅ ድንጋይ ለመክደኛ ያስቀራል እንጂ ሁሉን ከታች አይጨርስም። ብዙ ቦታ ደግሞ ከመክደኛው ላይ እሾህ ይደረባል። እሾሁ ለፍየልና ለሌባ ነው፤ ድንጋዩ ለካቡ።

አካካቡን በቅርብ ያየሁት መንዝ ነው። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዤ፣ ሞላሌን አልፌ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ዝናብ የናደውን የጉረኖ ካብ ሲመልሱ አገኘሁ። በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ጥለውታል።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። በርቱ። ላግዝዎት?»

«ይበረታ ልጄ። አንተ ድንጋዩን አቀብለኝ፣ መካቡን ለእኔ ተወው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አንድ ክንድ የሚያህል ድንጋይ አቀበልኳቸው። በእጃቸው አንዴ አገላበጡት። ሰፊ ጎኑን ወደ ውጭ ያደርጉታል ብዬ ስጠብቅ፣ ርዝመቱን ወደ ካቡ ሆድ አስገብተው አፍንጫውን ብቻ ወደ ውጭ ተዉት።

«በጎኑ ቢያስተኙት ብዙ ቦታ አይሸፍንም ነበር?»

«ይሸፍናል። ለዐይንም ያምራል። ነገ በግ ሲታከከው ግን ተነቅሎ ይመጣል።»

ቀጠሉና በእግራቸው ረገጡት። ጥቂት ተንገዳገደ። ከአጠገባቸው ካለው የኮረት ቁልል ጣት የምታህል ስባሪ መርጠው ከኋላ በኩል፣ ከድንጋዩ ሥር ሸጎጡ። እንደገና ረገጡት። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ያንን ድንጋይ ዞረው አላዩትም።

ይህቺ የኮረት ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ጥሩ ካብና መጥፎ ካብ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስባሪውን ከፊት ለፊት መሸጎጥ ይቀላል። መልኩም ይሞላል። ችግሩ ካብ ሕይወቱን ሙሉ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። ከፊት የገባው ስባሪ በእያንዳንዱ ንቅናቄ ወደ ውጭ ወደ ውጭ ይሸሻል። አንድ ቀን ይወድቃል። እሱ ሲወድቅ የደገፈው ድንጋይ ይዘማል። ከኋላ የገባው ግን መሄጃ የለውም። ክብደቱ በመጣ ቁጥር የባሰ ይጠብቃል።

ሽማግሌው ሳይናገሩት እጃቸው የሚጠብቀው ሌላም ሕግ አለ። አንዱን ድንጋይ በሁለት ላይ ያስቀምጣሉ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ። መጋጠሚያ ከመጋጠሚያ በላይ አይመጣም። ሁለት ሦስት ረድፍ ላይ መጋጠሚያዎቹ ቀጥ ብለው አንድ መስመር ከሠሩ ካቡ እዚያ ጋ ሁለት ቦታ ተከፍሏል ማለት ነው። አሁን ባይታይም ክረምት ያሳየዋል። መኪና ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ይህን ማየት ይቻላል። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካዩ የሠራው ሰው ወይ ቸኩሏል፣ ወይ አልለመደም።

ለብቻው የቆመ ካብ ከውጭ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ፊት አለው፣ መሃሉ በኮረት ይሞላል። ኮረቱ ተወርውሮ አይደለም የሚገባው። በእጅ፣ ከእያንዳንዱ ረድፍ ጋር እኩል እያደገ ይገባል። ቸኩሎ አፈር የሚሞላ ሰው አለ። አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ጎርፍ ሲመጣ ይታጠባል። ያኔ ሁለቱ ፊቶች መሃላቸው ባዶ ይቀርና እያንዳንዱ ወደ ፈለገው ይዘማል። ይህ እንዳይሆን ወገቡ አካባቢ ሲደርስ ከፊት እስከ ፊት የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ጣል ይደረጋል። በየሜትሩ አንድ ቢገኝ ጥሩ ነው። ሁለቱን ፊት አንድ ላይ የሚያስረው እሱ ነው። የሽማግሌው ካብ የተናደውም እንዲህ ያለ ማሰሪያ ባልነበረው በኩል ነበር። አሁን ሦስት ረጃጅም ድንጋይ ለይተው ጥግ ላይ አስቀምጠዋል። አንዱን ልወስደው ስል «እሱን ተው!» ተባልኩ።

ደግሞ ሁለቱም ፊት ወደ ውስጥ ዘመም ይላል። በአንድ ሜትር ቁመት ከ10 እስከ 15 ሳንቲም። በዚህ ምክንያት ካቡ ሲሰክን የሚደገፈው በራሱ ላይ ነው። ግንበኛ ይህን በቱንቢና በገመድ ይለካዋል። ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አንድ ዐይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። በቃ።

ወደ ወደቀው ግንብ ልመለስ። ግንቡን የጣለው ውሃ ነው። ከተዳፋት ሥር የሚቆም ነገር ሁሉ ከኋላው አፈር ይገፋዋል። አፈሩ ደረቅ ሲሆን ግፊቱ መጠነኛ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አፈሩ ይጠግብና ውሃው መውጫ ይፈልጋል። ካላገኘ ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀማል። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ የግንቡን እያንዳንዱን ሜትር በ5 ኩንታል ጉልበት ይገፋል። ውሃው 2 ሜትር ከደረሰስ? 10 ኩንታል እንዳይመስላችሁ። 20 ኩንታል ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም ውሃው የሚጫንበት ቦታም፣ ከታች ያለው ግፊትም አብረው ያድጋሉ። በዚያ ላይ የራሰ አፈር ይከብዳል፣ እርስ በርሱ የመያያዝ አቅሙም ይላላል።

ያ ግንብ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አልነበረውም። ባለሙያ ግንበኛ ቢሠራው ከታች በኩል በየተወሰነ ርቀት ቱቦ ይተውለት ነበር፤ ከጀርባውም ጠጠር ይሞላለት ነበር። አልተደረገም። ጎረቤቱ ያለው ካብ ግን ለዚህ የተለየ ዝግጅት አያስፈልገውም። መላ አካላቱ ቀዳዳ ነው። እጄን ወደ ድንጋዮቹ መሃል ሰደድ ሳደርግ ቀዝቃዛ ውሃ በጣቶቼ መሃል ይወርዳል። ንጹህ ውሃ ነው፤ ጭቃው ከኋላ ቀርቷል። ካቡ ግፊቱን ተቋቁሞ አልነበረም የቆመው። ግፊቱ ጨርሶ እንዲፈጠር አልፈቀደም።

አፈሩም ሌላ ጣጣ አለው። በሰሜን ሸዋ ሜዳ ላይ ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈላል። በላዩ የቆመው ነገር በዓመት አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ሲሚንቶ ይህን አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ካብ ግን ድንጋዩ ከድንጋዩ ጋር አልተጣበቀም። ሁሉም በየቦታው ጥቂት ጥቂት ይሰክንና እንደገና ይያያዛል። መሠረት አያስፈልገውም ማለቴ ግን አይደለም። ለስላሳውን አፈር አንስቶ ትልልቁን ድንጋይ ከጠንካራው ላይ ማሳረፍ የግድ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭም ቢሆን ውሃ የቋጠረ ስንጥቅ ሲያገኝ ይወዳል። ውሃ በረዶ ሲሆን አንድ አስረኛ ያህል ይሰፋልና። ካብ ውስጥ የሚቋጠር ውሃ የለም።

ግንብ አይረባም አላልኩም። አንኮበር ላይ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የተረፈው በኖራ የተገነባ ግድግዳ ነው። ጣርማበር ላይም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ያወጡት ዋሻ እስካሁን መኪና ያሳልፋል። ቤት ሲሆን ነፋስ መግባት የለበትም፤ ስለዚህ የመንዝ ገበሬ የድንጋይ ቤቱን በጭቃ ይመርገዋል፣ ጉረኖውን ግን በደረቁ ይክባል። የትኛው የት እንደሚሻል ያውቃል።

ድንጋዩም ዕድል ነው። ይህ ደጋ የድሮ እሳተ ገሞራ የተከመረበት ባዛልት ነው። ጂኦሎጂስቶች ከባዛልቱ አንዱን ክፍል በጣርማበር ስም ነው የሚጠሩት። ባዛልት ከባድ ነው፤ ሲሰበር ማዕዘን ያወጣል። የወንዝ ድንጋይ ግን ተንከባሎ ተንከባሎ ክብ ስለሚሆን ካብ የሚያውቅ ሰው አይወደውም። ባዛልቱ ማመላለሻም አይጠይቅም፤ ማረሻ በየዓመቱ ከማሳው ያወጣዋል። ካብ ከሚሠራው ሥራ ግማሹ ማሳው ላይ ያለውን ድንጋይ ቦታ ማስያዝ ነው። ሁሉንም ግን አይለቅሙትም። ትንንሹ ድንጋይ አፈሩ ላይ ሲቀር የዝናቡን ጠብታ ይመክታል፣ እርጥበት ይይዛል። መሬቱ ያልጸዳ የሚመስለን እኛ ነን።

ከአጥሩና ከጉረኖው በላይ ካብ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እርከን ላይ ነው። ከጣርማበር አካባቢ ቁልቁል የሚያይ ሰው ተራራው መስመር መስመር የተሠመረበት ይመስለዋል። ከእርከኖቹ ጀርባ ያለው ችግር ቀላል አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ (ዓ.ም) የወጣ የታወቀ ግምት፣ በኢትዮጵያ ከታረሰ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር በዓመት ይታጠባል ይላል። 420 ኩንታል ማለት ነው። ከዚያው ሄክታር የሚታፈሰው ገብስ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ውፍረቱ ሲታይ ግን በዓመት 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዐይን አይዘውም። ይህን ነገር ሲለኩ ከኖሩት ጣቢያዎች አንዱ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለው አንዲት ጥድ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሥር የተከፈተ ነው።

የእርከን ካብ ውሃውን አይገድብም፣ ያዘገየዋል። ውሃ ሲዘገይ የተሸከመውን አፈር ይጥላል። አፈሩ ከካቡ ጀርባ ክረምት በክረምት ይከማችና ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ እየሆነ ይሄዳል። ካቡ ሲሞላ ሌላ ረድፍ ይጨመርበታል። መስመሩ ግን ከተራራው ወገብ ጋር እኩል መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ዝቅ ካለ የመስኩ ውሃ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብና ካቡን በጥሶ ቦይ ይከፍታል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ውሃ ልክና ገመድ ይዘው የሚዞሩት።

ገበሬው እርከን ሲወራለት ሁሌ አይስቅም። ምክንያትም አለው። ካቡ የሚያርፍበት መሬት አይዘራበትም። በጠባቡ እርከን በሬ ማዞር ያስቸግራል። አይጥ ደግሞ ከድንጋይ ክምር የተሻለ ቤት የት ታገኛለች? እህሉ ሲደርስ ከካቡ ወጥታ በልታ ትመለሳለች። ሌላው ችግር ጥድፊያ ነው። በበጋው ዘመቻ ይህን ያህል ሜትር ተብሎ ሲሠራ ድንጋዩ ይቆለላል እንጂ አይካብም። መሠረት የለው፣ ማሰሪያ የለው፣ ነሐሴ ላይ ከማሳው ጋር አብሮ ይወርዳል። ከዚያ «እርከን አይሠራም» ይባላል። ጥፋቱ የእርከኑ አይደለም።

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዩኔስኮ በ2011 ዓ.ም የደረቅ ድንጋይ አካካብ ጥበብን የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ያስመዘገቡት ክሮኤሽያ፣ ቆጵሮስ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ስሎቬንያ፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም አየርላንድን ጨምሮ አምስት አገሮች ተጨመሩ። ከአፍሪካ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ማንም የለም። የሚገርመው፣ የታላቋ ዚምባብዌ ግንብ እስከ 11 ሜትር ከፍታ ያለ ምንም ማጣበቂያ የቆመ ነው። የኮንሶ እርከንና የመንደር ካብ ደግሞ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እሱ ግን የተመዘገበው እንደ ቦታ ነው። የመንዝ ጉረኖ ቅርስ ይሁን እያልኩ አይደለም። ግን ሌላው ዓለም ትምህርት ቤት ከፍቶ የሚያስተምረውን ሙያ እኛ የድሃ አጥር ስንለው ትንሽ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ጠቃሚው ነገር። አገር ቤት ወላጆቻችሁ ግቢ ካብ ካለ፣ «እናሳምረው» ብላችሁ ፊቱን በሲሚንቶ እንዳትለስኑት። ይህን ያደረጉ ሰዎች ግቢ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት ያምራል። ልስኑ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ውሃው ከኋላ ይጠራቀማል፣ ካቡም እንደ ድሮው እንዳይሰክን ይታሰራል። የካብንም የግንብንም ጥቅም ያጣል ማለት ነው፤ ውሃ እንደ ካብ አያሳልፍ፣ እንደ ግንብም አልተያያዘ።

ካቡ ሆዱን ከነፋ ደግሞ በገፉት አይመለስም፣ በምሰሶ ቢደግፉትም ጊዜ መግዛት ነው። ሆዱ የወጣው ውስጡ ያለው ኮረት ወደ ታች ስለሰመጠ፣ ወይም ማሰሪያው ስለተሰበረ ነው። መፍትሔው ማፍረስ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ፣ ጥቅምትን እስኪያልፍ ጠብቁ። ከላይ ጀምራችሁ፣ ከሆዱ በታች ጤነኛ ረድፍ እስክታገኙ ድረስ አንሱት። መክደኛውን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚፈለገው። የፊቱን ድንጋይ ቀረብ አድርጉ። ረጃጅሙን ለብቻ ለዩ፣ ማንም እንዳይነካው። ኮረቱን ከአፈሩ አበጥሩት፣ ካነሰም ሌላ ድንጋይ ስበሩበት። አፈር ግን አትመልሱበት።